ከላይቭ 11 ስታንዳርድ ወደ 12 ስዊት ልሻገር ወይስ ይቅርብኝ?

ቢት_በሌሊት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሦስት ቀን እንቅልፍ ነስቶኛል። ሙዚቃ የምሠራው አብልተን ላይቭ 11 በሚባለው ፕሮግራም ነው፣ ያለኝ እትም ስታንዳርድ ነው። አሁን ወደ 12 ስዊት (ሁሉም ነገር ያለበት ትልቁ እትም) ለመሻገር ቅናሽ አለ የሚል ኢሜይል ደረሰኝ፣ የቀረው አምስት ቀን ነው። ተቀንሶም ለኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በዛው ሂሳብ ደህና ሄድፎን መግዛት እችል ነበር፣ ያለኝ አንዱ ጆሮው ከሞተ ቆይቷል (አትሳቁ፣ ሚክስ የማደርገው በአንድ ጆሮ ነው)።

ችግሬ እንዲህ ነው። ሃያ ምናምን ትራክ ስደርስ ድምፁ መንኮሻኮሽና መቆራረጥ ይጀምራል። ያሉኝ ሲንቶችም (በኮምፒውተር ድምፅ የሚፈጥሩት መሣሪያዎች) ሰልችተውኛል። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ጀምሬ የተውኳቸው ፕሮጀክቶች አርባ ይሆናሉ፣ ያለቁት ሦስት ናቸው። ቪዲዮ የሚሠራው ሰው ሁሉ አዲሱ ቨርዥን ሥራዬን ቀየረው ይላል። እናንተ የተሻገራችሁ፣ የምር ያዋጣል?

ሽቦ_ቆጣሪ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ መቆራረጡን ለብቻው እንየው፣ ምክንያቱም እሱን አዲስ ቨርዥን አይፈታልህም። በፈር ሳይዝህ (ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚሠራው የድምፅ ቁራጭ መጠን) ስንት ላይ ነው? 64 ላይ ከሆነ በ44.1 ኪሎኸርዝ ኮምፒውተርህ እያንዳንዷን ቁራጭ ድምፅ በ1.5 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሠርተህ አስረክብ እየተባለ ነው። ሃያ ትራክ፣ በየትራኩ ላይ ሦስት አራት ፕላጊን (ሲንት ወይም ኢፌክት)፣ እንዴት ይድረስ? ስትቀዳ 128 ላይ አድርገው። ቀረጻው ሲያልቅና ሚክስ ስትገባ 1024 አድርገው፣ ወደ 23 ሚሊሰከንድ ይሆናል፣ እየተጫወትክ ከሆነ ይረብሻል እንጂ ፌደር ለመግፋት ምንም አይልህም።

ከዛ ከባዶቹን ሲንቶች ፍሪዝ አድርጋቸው። ትራኩ ወደ ኦዲዮ ተለውጦ ይጫወታል፣ ፕላጊኑ ያርፋል፣ ሐሳብህን ከቀየርክ መልሰህ ትፈታዋለህ። ሪቨርብም (የማስተጋባት ኢፌክት) በየትራኩ ላይ አትጫን፣ አንድ ሪተርን ትራክ (የጋራ ትራክ) ላይ አስቀምጠህ ሁሉም ይጋሩት። ይሄ ሁሉ 11 ውስጥ አለልህ፣ አንድ ሳንቲም አያስወጣህም።

ኮርድ_አሳዳጅ፦
እኔ ተሻግሬያለሁ፣ አልቆጨኝም። ግን ሁለት ነገር አታምታታ። ከ11 ወደ 12 መሄድ አንድ ጥያቄ ነው፣ ከስታንዳርድ ወደ ስዊት መሄድ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። ቅናሹ ሁለቱን ጠቅልሎ ስለሚያሳይህ አንድ ይመስላሉ። ዋጋቸውን ለየብቻ አስልተህ እይ።

12 ላይ እኔን የማረከኝ ማንም የማያወራለት ነገር ነው፦ ሚክሰሩ። 11 ላይ አሬንጅመንት (ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚደረደርበት ገጽ) እየሠራሁ ሚክሰሩን ለማየት ሴሽን ወደሚባለው ሌላው ገጽ መመላለስ ነበረብኝ። አሁን እዛው ከሥር ይወጣልኛል። ተራ ነገር ነው ትል ይሆናል፣ ቀኑን ሙሉ ስትመላለስ ለከረምክ ሰው ግን እረፍት ነው። የሚዲ (የኖታ) መሣሪያዎቹም ጥሩ ናቸው፣ ኖታ መርጠህ ሪትሙን ትለዋውጣለህ፣ ኮርድ ታወጣለህ፣ ሐሳብ ሲነጥፍ ይጠቅማል። ብቻ እሱ መጀመሪያ ላይ ነው የሚረዳህ። የአንተ ችግር መጨረሻው አይደል እንዴ? አርባው ስልሳ እንዳይሆንብህ።

ስዊት የሚያመጣልህ ኦፕሬተር፣ ዌቭቴብልና ሜልድ የሚባሉ ሲንቶች፣ ሮር የሚባል ድምፅ ማሻከሪያ ኢፌክት፣ የራስህን መሣሪያ የምትሠራበት ማክስ ፎር ላይቭና ብዙ ሳምፕል ነው። ሲንት ብቻ ከሆነ ያማረህ ግን ሰርጅ ኤክስቲ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ ቫይታልም ነፃ ቨርዥን አለው። እነሱን አንድ ወር ቆፍራቸው። ካልበቁህ ያኔ ስዊትን አስብ።

ጆሮ_ብቻ፦
ከናንተ ለየት ያለ ነገር ልበል። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ላይቭ ስክሪን ሪደር (ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) መደገፍ የጀመረው 12 ላይ ነው። ከዛ በፊት ይሄን ፕሮግራም ለብቻዬ ከፍቼ መሥራት አልችልም ነበር፣ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ማውስ ይይዝልኝ ነበር። ለኔ ያዋጣል ወይ የሚባል ጥያቄ የለም። ለአንተ ግን አላውቅም፣ ያንተን አርባ ፕሮጀክት ሳየው የጎደለህ ሶፍትዌር አይመስለኝም። ይቅርታ።

ሳይከፍል_አይተኛም፦
ሁላችሁም አንድ ድርጅት ላይ ተጣብቃችኋል። ሌሎች የሙዚቃ ፕሮግራሞችም አሉ። ኤፍኤል ስቱዲዮ አንዴ ከገዛህ ማሻሻያው ዕድሜ ልክ ነፃ ነው። ሪፐር 60 ቀን ሞክረህ ነው የምትገዛው፣ ላይሰንሱም ሁለት ዋና ቨርዥን ያስኬድሃል። ማክ ያለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ሎጂክ ፕሮ ኤክስን የገዛ ሰው በ2024 የመጣውን ሎጂክ ፕሮ 11ንም ያለ ጭማሪ ነው ያገኘው። በየሦስት ዓመቱ የሚያስከፍል ነገር ላይ ለምን ትቆያለህ?

ሽቦ_ቆጣሪ፦
@ሳይከፍል_አይተኛም ያልከው ልክ ነው፣ ግን "ዕድሜ ልክ" የሚባለውን ቃል ቀስ ብለህ ያዘው። ሶናር የሚባለው የሙዚቃ ፕሮግራምም እ.ኤ.አ. በ2016 የዕድሜ ልክ ማሻሻያ ሸጦ ነበር። በኖቬምበር 2017 ባለቤቱ ጊብሰን ልማቱን አቆመ። ደግነቱ በ2018 ባንድላብ ገዝቶ በነፃ ለቀቀው። ዕድሜው የድርጅቱ ነው እንጂ ያንተ አይደለም። ሌላው ደግሞ ፕሮግራም መቀየር ብር ብቻ አያስወጣም፣ ጣትህ የለመደውን አቋራጭ ሁሉ ከዜሮ ትጀምራለህ። እኔ አንዴ ቀይሬ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ዘፈን አልጨረስኩም።

ቢት_በሌሊት ሆይ፣ ላይቭ 12ን እኮ 30 ቀን በነፃ መሞከር ትችላለህ። 11ን ሳታጠፋ አጠገቡ ጫነው። አደራ ግን፣ የድሮ ፕሮጀክትህን በ12 ከፍተህ ሴቭ ካደረግከው 11 መልሶ አይከፍተውም። መጀመሪያ ኮፒ አድርግ።

ቢት_በሌሊት፦
እሺ ተመለስኩ፣ አራት ቀን ሆነኝ። በፈሬ እውነትም 64 ላይ ነበር! ማን እንዳደረገው እንጃ፣ እኔው እሆናለሁ። 1024 አደረግኩት፣ ሦስት ሲንት ፍሪዝ አደረግኩ፣ መንኮሻኮሹ ጠፋ። አንድ ዓመት ሙሉ ኮምፒውተሬ አርጅቷል እያልኩ ሳማርር ነበር።

ትራያሉንም ጫንኩት። @ኮርድ_አሳዳጅ እህቴ፣ ስለ ሚክሰሩ ያልሽው ልክ ነው፣ ለመድኩት፣ ወደ 11 ስመለስ ተናደድኩ። ስዊት ውስጥ ካሉት ግን የከፈትኩት ሮርን ብቻ ነው፣ ያንንም የባስ ድምፅ ላይ አንዴ ሞክሬ ተውኩት። ስለዚህ ስዊትን ትቼዋለሁ። ትራያሉ ሲያልቅ ሚክሰሩ አሁንም ካማረኝ 12 ስታንዳርድን አስባለሁ። ቅናሹ ነገ ያልቃል፣ ይለቅ።

ትናንት የጓደኛዬን ሄድፎን ተውሼ ከሦስቱ "ካለቁት" ዘፈኖች አንዱን ሰማሁት። ጊታሩ ሙሉ በሙሉ በግራ በኩል ነው ያለው። በሞተው ጆሮ በኩል ማለት ነው! ለዛ ነው ለካ ጊታሩ አይሰማም ብዬ ቮሊዩሙን ስጨምር የኖርኩት። ሄድፎን ልገዛ ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ፍሪዝ ያደረግኩት ትራክ ላይ ኖታ መቀየር እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ሽቦ_ቆጣሪ፦
ሃሃ ጊታሩ! ፍሪዙን ፍታው፣ ኖታውን ቀይር፣ መልሰህ ፍሪዝ አድርግ። "ፍላተን" የሚለውን እንዳትነካ፣ እሱ ሲንቱን አጥፍቶ ኦዲዮውን ብቻ ነው የሚያስቀርልህ። የግድ ካስፈለገህ መጀመሪያ ትራኩን ዱፕሊኬት አድርግ።