350 ቢሊዮን ብር ያላት ከተማ ከኔ ጣሪያ ምን ትፈልጋለች?

ጠያቂዋ (ጀሞ ኮንዶሚኒየም)፦ ሰላም ጎረቤቶች። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቷል። የአዲስ አበባ የ2016 በጀት 140 ቢሊዮን ብር አካባቢ ነበር። በ2017 ወደ 230 ቢሊዮን አደገ። የ2018ቱ ደግሞ 350 ቢሊዮን ገደማ ሆኖ ጸደቀ። በሁለት ዓመት ከእጥፍ በላይ ማለት ነው! በዚያ ላይ በየዓመቱ ለቤታችን የምንከፍለው የጣሪያና ግድግዳ ግብር ተጨምሮብናል፣ የንብረት ታክስ አዋጁም ጥር 2017 በፓርላማ ጸድቋል። የኛ ብሎክ ግን ውሃ የሚያገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ለፓምፑ የምናዋጣው ራሳችን ነን። ለጥበቃም እናዋጣለን። ታዲያ አሁን ተጨማሪ ክፈሉ መባላችን ተገቢ ነው ትላላችሁ?

የሒሳብ ባለሙያው፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ በፊት ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር አካባቢ ነበር። 140 ቢሊዮኑን በዚያ ብታካፍይው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይመጣል። የ2018ቱ በጀት ሲጸድቅ ግን ዶላር ከ130 ብር አልፎ ነበር። 350ውን አካፍለሽ እይው፤ 2.6 ቢሊዮን አካባቢ ነው። አውቶቡስ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ነዳጅ ከውጭ ነው የሚመጣው። ከተማዋ በብር ሲታይ ገንዘቧ በዛ እንጂ የመግዛት አቅሟ እጥፍ አልሆነም።

ነጋዴው (መርካቶ)፦ ወንድሜ፣ የዶላሩ ነገር ይገባኛል። ችግሩ የኔም ገቢ በዶላር አላደገም። ያው ብር ነው፣ ዘይትና ጤፍ የሚበላው። ብሩ ሲወድቅ ከተማው ግብር ይጨምራል። እኔ በማን ላይ ልጨምር? ደንበኛዬ ዋጋ ጠይቆ ይሄዳል። በ2009 ግብር ለመጣል ገማቾች ለየሱቃችን ያወጡትን የቀን ገቢ ግምት የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያኔ ሱቃችንን የዘጋነው ግብር ጠልተን አይደለም። ግምቱ ከየት እንደመጣ የሚነግረን ስላጣን ነው።

ጡረተኛው (እዚሁ ጀሞ)፦ ልጆቼ፣ እኔ ደግሞ በሁለቱም በኩል እውነት አለ እላለሁ። የጣሪያና ግድግዳ ግብር ለረጅም ዘመን የቆመው በ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 ላይ ነው። ያኔ የተገመተ ቤት ዛሬም በዚያው ሒሳብ ይክፈል ማለት አይቻልም። ግን የኔን ጉዳይ ተመልከቱልኝ። ቤቴ በገበያ ሚሊዮኖች ያወጣል ይሉኛል። እኔ የምኖረው በጡረታ ነው። ቤት ተቆርሶ አይበላ! ዋጋው ጨመረ ተብሎ እኔ አልከበርኩም። ለሸጠውና ለሚያከራየው የሚሠራ ሒሳብ ለኔ ቢጤ እንዴት እንደሚሠራ በግልጽ ይጻፍልን።

ተከራይዋ (አያት ሰፈር)፦ ጋሼ እውነትዎን ነው። የኛ ስም ግን በክርክሩ ውስጥ ጠፋ። የቤት ግብር ሲጨምር አከራዬ መጀመሪያ የሚደውለው ለኔ ነው።

የሒሳብ ባለሙያው፦ የኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ አከራይ በፈለገው ጊዜ እንዳይጨምር ይከለክላል። ውልሽን ወረዳ ማስመዝገብሽን አረጋግጪ። በቃል የተስማማችሁ ከሆነ ግን መከራከር ይከብድሻል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ፤ ይህ ነገር በደንብ ሲነገር አልሰማሁም። ለክልሎች የሚከፋፈለው የፌዴራል ድጎማ አዲስ አበባን አይጨምርም። ከተማዋ የምታድረው በራሷ ገቢ ነው፤ በሠራተኛው የደመወዝ ግብር፣ በነጋዴው ግብር፣ በልዩ ልዩ ክፍያና በመሬት ሊዝ፣ ማለትም የከተማ ቦታ ለተወሰኑ ዓመታት ለመጠቀም በሚከፈል ገንዘብ። ሊዝ ደግሞ ጊዜያዊ ነው። አንድ ቦታ አንዴ ተሰጠ ማለት ተሰጠ ነው። ለዓመታዊ ወጪ መሬት እየሰጡ መኖር አይቻልም። የንብረት ታክስ የሚሻለው ለዚህ ነው። ቤት ያለው ይከፍላል፣ ገንዘቡም በየዓመቱ ይመጣል። እኔ ደጋፊው ነኝ፣ አልደብቅም።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ እዚህ እኔም በየዓመቱ የቤት ግብር እከፍላለሁ፣ ከናንተ በብዙ ይበልጣል። የከተማው ገቢ ትልቁ ክፍል ከዚህ ነው። ክፍያውን እንድችለው የሚያደርገኝ አንድ ነገር አለ። የበጀት ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ይወጣል። ከትምህርት ቤት እስከ ቆሻሻ ማንሻ ድረስ ተዘርዝሮ። ከዚያ ነዋሪ ተመዝግቦ ምክር ቤቱ ፊት ቆሞ ይናገራል። ባለፈው አንዲት ሀበሻ እናት የአውቶቡስ መስመር እንዳይቀነስ ስትናገር ሰምቻለሁ። ተሰማች አልተሰማች ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግን ቁጥሩ በእጇ ነበር።

ነጋዴው፦ ይኸው! እኔም የምለው ይህንኑ ነው። 350 ቢሊዮን ሲባል በቴሌቪዥን እሰማለሁ። የኔ ወረዳ ድርሻ ስንት ነው? ስንቱ ደመወዝ፣ ስንቱ ግንባታ? በኮሪደር ልማቱ በታደሱት ዋና መንገዶች ላይ መብራቱና የእግረኛ መንገዱ ያምራል፤ እሱን አልክድም። ከኮሪደሩ ጀርባ ያለው የሰፈሬ ቱቦ ግን ክረምት በገባ ቁጥር ይሞላል። የትኛው ከየትኛው በጀት እንደሚሠራ ካላወቅኩ በምን አቅሜ ልከራከር?

የሒሳብ ባለሙያው፦ እዚህ ላይ ተሸነፍኩልህ። አንድ ነገር ግን ላስታውስ፤ ይህ አዲስ ጥያቄ አይደለም። ቀደም ሲል በወረዳ በጀት ሥራ ላይ ነበርኩ። በጀቱን ነዋሪው በሚረዳው ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ የመለጠፍ አሠራር ነበር፤ ትምህርት ስንት፣ ጤና ስንት፣ መንገድ ስንት። እኔም በገዛ እጄ ለጥፌያለሁ። ወረቀቱን ቆመው የሚያነቡት ብዙውን ጊዜ እናቶችና ተማሪዎች ነበሩ። አንዷ እናት «ለጤና ጣቢያው መድኃኒት የተያዘው ይኼ ብቻ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ኃላፊዬ ዘንድ ወስጄ ጠየቅኩላት።

ጠያቂዋ፦ እኔ እንግዲህ ሐሳቤን በከፊል ቀይሬያለሁ። መክፈሉን አልቃወምም። ግን ሠንጠረዡን ሳላይ አልስማማም። ማክሰኞ ጠዋት ወረዳ እሄዳለሁ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ የወረዳችን የ2018 በጀት መደበኛው (ደመወዝና የዕለት ሥራ ማስኬጃው) እና ካፒታሉ (ግንባታው) ተለይቶ፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ለውሃና ለመንገድ የተያዘው። አብሮኝ የሚሄድ አለ?

ጡረተኛው፦ አለሁ ልጄ። የ2015ቱንና የዘንድሮውን ደረሰኝ ይዤ እመጣለሁ። ሦስት ሰዓት በሩ ላይ እንገናኝ።