በመንዙማ ቀረጻዬ ላይ ኮምፕረሰር ሳስገባ ድምፁ ለምን ወደ አንድ ጎን ይሸሻል?

ጥያቄ (ከደሴ)

የተከበራችሁ የሙያው ወዳጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ቤቴ ውስጥ ሁለት መግቢያ ባለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክን ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኝ መሣሪያ) እና ሪፐር በተባለው የመቅረጫ ፕሮግራም መንዙማ እቀርጻለሁ። የመሪውን ድምፅ በአንድ ማይክ ለብቻው፣ ተቀባዮቹን ከጭብጨባውና ከድቤው ጋር ደግሞ ግራና ቀኝ በተተከሉ ሁለት ማይኮች እወስዳለሁ። የመሪው ድምፅ በሄድፎን ሲደመጥ በግራ ጆሮ ብቻ ይሰማል። በተቀባዮቹ ትራክ ላይ ደግሞ ኮምፕረሰር (ከልክ በላይ ከፍ ያለውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) ሳስገባ፣ በግራ በኩል ያለው ድቤ በተመታ ቁጥር ተቀባዮቹ በሙሉ ወደ ቀኝ ተንሸራተው የሚመለሱ ይመስላል። ለሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) እና ለስቴሪዮ (ባለ ግራና ቀኝ ቻናል) ድምፅ የተለያየ ኮምፕረሰር ያስፈልግ ይሆን?

መልስ (ከኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ የመሪው ድምፅ ችግር ከኮምፕረሰሩ የመጣ አይደለም። የአንድ ማይክ ድምፅ ሞኖ ሆኖ ሳለ ትራኩ መግቢያ 1ንና 2ን በጥንድ እንዲቀበል ስለተደረገ ቀኙ ባዶ ቀርቷል። ከእንግዲህ በትራኩ የመቅጃ ምርጫ ላይ ሞኖ፣ መግቢያ 1 ያድርጉት፤ የተቀረጸውንም የቻናል ምርጫውን ወደ ሞኖ ግራ በመለወጥ ማስተካከል ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቻናሎች አንድ ዓይነት ስለሚሆኑ የስቴሪዮ ኮምፕረሰርም እኩል ይቀንሳቸዋል።

የተቀባዮቹ ጉዳይ ግን በእርግጥ የኮምፕረሰሩ ነው። ኮምፕረሰር መጀመሪያ የድምፁን ኃይል ይለካል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ግራና ቀኙ ለየብቻ ሲለኩ ድቤው ግራውን ከትሬሾልዱ (ቅነሳው ከሚጀምርበት ልክ) በላይ ስለሚያሻግረው ግራው ብቻ፣ ለምሳሌ በ6 ዲሲቤል፣ ዝቅ ይላል፤ በግራው ያሉ ድምፆችም አብረው ስለሚወርዱ ጆሮ ሁሉም ወደ ቀኝ የሄደ ይመስለዋል። ስቴሪዮ ሊንክ የሚለውን ሲያበሩ ሁለቱም ወገን በአንድ መጠን ይቀነሳል፣ ሰዉም በየቦታው ይረጋል።

መልስ (ከወልድያ)

የተባለው ትክክል ነው፤ ሆኖም ሊንኩ መንሸራተቱን ያስቀራል እንጂ ድቤው ድምፆቹን መዋጡን አያስቀርም፤ እንዲያውም አሁን የቀኞቹም ድምፅ በእያንዳንዱ ምት ይወርዳል። ስለዚህ የኮምፕረሰሩ መለኪያ ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን የድቤውን ወፍራም ድምፅ እንዳይሰማ ያድርጉ። ሪፐር ይዞት በሚመጣው ኮምፕረሰር ውስጥ ይህ ማጣሪያ አለ፤ የሚነካውም መለኪያውን ብቻ ስለሆነ የድቤው ጉልበት ከቅጂው አይጠፋም። ሬሽዮውን (የቅነሳውን ምጣኔ) 2 ለ 1፣ አታኩን (ቅነሳው እስኪይዝ የሚፈጀውን ጊዜ) ከ20 እስከ 30 ሚሊሰከንድ አድርገው፣ ቅነሳው ከ3 ዲሲቤል እንዳያልፍ ቢጠነቀቁ እመርጣለሁ። ሐድራው (የመንዙማው ጉባኤ) እየሞቀ ሲሄድ የተቀባዩ ድምፅ ከፍ እያለ መምጣቱ የመንዙማው ነፍስ ነውና፣ ያንን በኮምፕረሰር አስተካክሎ መደልደል ትልቅ ጉዳት ነው።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ። ሊንኩን ሳበራ መንሸራተቱ ቆሟል፤ ማጣሪያውንም አስገብቼ ድምፆቹ ከድቤው ሥር ወጥተዋል። በስልክ ሳዳምጠው ግን ድቤው ቀጭን ሆነብኝ።

መልስ (ከወልድያ)

ይህ ከማይኮቹ አተካከል የመጣ ይመስለኛል። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት ድቤው ለቀኙ ማይክ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አንድ ድምፅ ማጉያ ያለው ስልክ ሁለቱን ቻናል ወደ ሞኖ ሲደምራቸው ከፊሉ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በሚቀጥለው ቀረጻ ድቤውን ከሁለቱ ማይኮች እኩል ርቀት ላይ፣ በመካከል ያስቀምጡት፤ ኮምፕረሰሩንም ከማስተካከልዎ በፊት ማስተር ትራኩን (ሁሉም ትራኮች የሚደመሩበትን) ወደ ሞኖ ለውጠው አንድ ጊዜ ያዳምጡት።