ስቶሬጅ ሰርቨሩ ኢንተርኔት እየጣለ ይመለሳል፤ ጌትዌዩ ግን ፒንግ ይመልሳል (አዳማ)

ዲስክ04፦

ሰላም ወገኖች። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። የፋይበሩ ራውተር ዋናው ቤት ውስጥ ነው። ከእሱ 30 ሜትር የሚሆን ገመድ ግቢውን አቋርጦ ሰርቪስ ቤት ይገባል። ሰርቪስ ቤት ለዋይፋይ ተብሎ የተቀመጠ ሌላ ትንሽ ራውተር አለ፤ ሰርቨሩም ላፕቶፑም የተሰኩት እሱ ላይ ነው። ሰርቨሩ ያረጀ የቢሮ ዴስክቶፕ ሲሆን ኦፕንሚዲያቮልት የሚባል የፋይል ማከማቻ ሶፍትዌር ተጭኖበታል፤ ባለ 4 ቴራ ሁለት ዲስኮች ሚረር ተደርገዋል (አንዱ የሌላው ቅጂ ነው)። አይፒው በእጅ የተሰጠ ነው፦ 192.168.1.10፣ ጌትዌይ (ወደ ኢንተርኔት የሚያስወጣው ራውተር) 192.168.1.1።

በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሰርቨሩ ኢንተርኔት ያጣል። ከላፕቶፕ ፋይል መክፈት ምንጊዜም ይሠራል፤ ወደ ክላውድ የሚሄደው የሌሊት ባክአፕ ግን መሀል ላይ ይቆማል፣ አፕዴትም አይወርድም። አንዳንዴ በ10 ደቂቃ ራሱ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ሪስታርት ካልተደረገ ግማሽ ቀን ይቆያል፤ ሪስታርቱም ሁልጊዜ አይሠራም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ይብሳል። በዚያው ሰዓት ዋናው ቤት ያለ ስልክ በዋይፋይ ያለ ችግር ቪዲዮ ያያል። ላፕቶፑ አንዳንዴ አብሮ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ምንም አይነካውም።

በጠፋበት ሰዓት የታየው ይሄ ነው፦ 192.168.1.1 ፒንግ ሲደረግ («አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው) ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይመልሳል። ኢንተርኔት ላይ ያለው 8.8.8.8 ሲደረግ ግን «ዴስቲኔሽን ኔት አንሪቸብል» ይላል፤ ይህን የሚመልሰውም ራሱ 192.168.1.1 ነው። ዲኤንኤስ (ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው) ወደ 1.1.1.1 ተቀይሮ ለውጥ የለም። የኔትወርክ ካርዱ ሪያልቴክ ነው፣ ሊንኩ 100 ሜጋቢት ያሳያል። ካርዱን ልቀይር ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ገመድ ቆጣሪ፦

ካርድ ከመግዛትህ በፊት ያንን 30 ሜትር ገመድ ጠርጥር። ለቤት ውስጥ የተሠራ ገመድ የአዳማን ፀሐይ አይችልም፤ ልባሱ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይገባዋል። ሌላው የገመዱ ዓይነት ነው። ጫፉን ቆርጠህ አንዷን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጋት። ከቀዩ ቀለም ሥር ነጣ ያለ ብርማ ከወጣ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው። እንዲህ ያለው በአጭር ርቀት ይሠራል፤ ሲረዝም ግን ሲግናሉ ይዳከማል፣ ፕለጉ ውስጥም ሲተጣጠፍ ቶሎ ይሰበራል።

100 ሜጋቢት ማሳየቱም ምልክት ነው። ጊጋቢት 8ቱንም ሽቦ ይፈልጋል፣ 100 ግን በ1፣ 2፣ 3 እና 6 ብቻ ይሄዳል። ሰማያዊው ወይም ቡናማው ጥንድ ሲበጠስ ብዙ ካርዶች ድምፅ ሳያሰሙ ወደ 100 ይወርዳሉ። ሁለቱንም ጫፍ ቁረጥና እንደገና ክሪምፕ አድርግ (አዲስ ፕለግ በመሣሪያ ንከስበት)፤ ቅደም ተከተሉ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። የተጠማዘዘውን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍታው፤ ልባሱም ፕለጉ ውስጥ ገብቶ መነከስ አለበት።

(እንዲህ ያለውን ስቶሬጅ ሰርቨር በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ናስ እያልን ስለምንጽፍ ሰው ስለ ብረታ ብረት የምናወራ ይመስለዋል። ገመዱ ላይ ደግሞ እውነትም የመዳብ ጉዳይ ሆነ።)

ጌትዌይ ጠባቂ፦

ስለ ገመዱ የተባለው ልክ ነው፣ ለዚህ ችግር ግን መልስ አይሆንም። የተሰጡትን ምልክቶች አንድ በአንድ እንይ።

8.8.8.8 ቁጥር እንጂ ስም አይደለም፤ በቁጥርም ካልሄደ ዲኤንኤስ ከደሙ ንጹሕ ነው። ላፕቶፑና ሰርቨሩ አንድ ሳጥን ላይ ስለተሰኩ በመካከላቸው የሚሄደው ፋይል በረጅሙ ገመድ አያልፍም። ስለዚህ «ፋይል ይከፈታል» ማለት የ30 ሜትሩ ገመድ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሰርቨሩ ላይ የሚታየው 100 ሜጋቢትም የዚያ ገመድ አይደለም፤ ከሰርቨሩ እስከ ትንሹ ራውተር ያለችው አጭር ገመድ ናት። ርካሽ ራውተሮች ፖርታቸው ራሱ 100 ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። 192.168.1.1 የፋይበሩ ራውተር ብቻ ቢሆን፣ ረጅሙ ገመድ ሲበጠስ ጌትዌዩ ጭራሽ ባልመለሰ ነበር። አሁን ግን ይመልሳል፤ መልሶም «ወደ ውጭ መንገድ የለኝም» ይላል። በዚያው ደቂቃ የፋይበሩ ራውተር ለስልኩ ኢንተርኔት እየሰጠ ነው። መንገድ ያለው ራውተር መንገድ የለኝም አይልም። ስለዚህ ለፒንጉ የሚመልሰው 192.168.1.1 የፋይበሩ ራውተር አይደለም ማለት ነው።

ትንሹ ራውተርም ከፋብሪካ ሲወጣ አድራሻው 192.168.1.1 ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ማንም አልቀየረውም። አንድ ግቢ፣ ሁለት አባወራ።

የሚያምታታው እንዲህ ነው። ሰርቨሩ ፓኬት ለመላክ ቁጥሩ ብቻ አይበቃውም፣ የቁጥሩ ባለቤት ማክ አድራሻ (የመሣሪያው መለያ ቁጥር) ያስፈልገዋል። ስለዚህ «192.168.1.1 ማን ነው?» ብሎ ይጣራል። ሁለት ሳጥኖች «አቤት» ይላሉ፤ ሰርቨሩ የአንዱን መዝግቦ ያንኑ ይይዛል። የፋይበሩን ከያዘ ሁሉም ይሠራል። የትንሹን ከያዘ ትንሹ በዋን ፖርቱ (የኢንተርኔት መስመር በሚገባበት ቀዳዳ) ምንም ስላልተሰካበት ፓኬቱን ይጥለዋል። ሰርቨሩ የሚሠራበት ሊኑክስ ደግሞ መዝገቡን ሲያድስ እንደገና ለሁሉም አይጣራም፤ መጀመሪያ የያዘውን ማክ ብቻ «አለህ ወይ?» ይለዋል። አለሁ ካለ ይቀጥላል፤ ግማሽ ቀን የሚቆየው ለዚህ ነው። ላፕቶፑ የራሱ መዝገብ ስላለው አንዳንዴ ብቻ አብሮ መጥፋቱም ከዚህ ይመጣል።

ግምቱን ለማረጋገጥ በጠፋበት ሰዓት ሰርቨሩ ውስጥ በኤስኤስኤች (ከላፕቶፕ ሆኖ ትእዛዝ መስጫ) ገብተህ «አይፒ ኔይበር» የሚለውን ትእዛዝ ስጥና ከ192.168.1.1 ጎን ያለውን ማክ ጻፍ። ሲመለስ ድገመው። ከዚያ ሁለቱ ራውተሮች ጀርባ ላይ ካለው ተለጣፊ ጋር አመሳክር። ተለጣፊው ላይ ያለው በመጨረሻው አኃዝ በአንድ ወይም በሁለት ሊለያይ ይችላል፤ ለዋይፋዩ፣ ለላኑና ለዋኑ የተለያየ ይሰጣሉ። ከተመለሰ በኋላ መፈለግ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ስለዚህ ኦፕንሚዲያቮልት ውስጥ በየደቂቃው የሚሠራ ታስክ ፍጠር፣ ሰዓቱን፣ የ8.8.8.8 አንድ ፒንግና የ«አይፒ ኔይበር» ውጤት ወደ አንድ ፋይል ይጨምር።

ዲስክ04፦

ልክ ነው። ታስኩ ከትናንት ማታ ጀምሮ ይሠራል። ሲሠራ የጌትዌዩ ማክ መጨረሻ 72፡15 ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት መስመሮች ሁሉ 08፡43 ይላሉ፣ ፒንጉም የለም። ትንሹ ራውተር ጀርባ ላይ ያለው 08፡42 ነው። መብራት ሲመጣ ለምን ይብሳል? ማስተካከያውስ ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው? ሳላውቅ ነካክቼ ሁሉንም እንዳልዘጋው።

ጌትዌይ ጠባቂ፦

መብራት ሲመጣ ትንሹ ራውተር ቶሎ ይነሳል፤ የፋይበሩ መስመር ይዞ እስኪነሳ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። በዚያ መሀል ሰርቨሩ ተነስቶ ሲጣራ «አቤት» የሚለው አንዱ ብቻ ነው።

ማስተካከያው እነሆ። ረጅሙን ገመድ ከትንሹ ራውተር ንቀል፤ ይህን ካልነቀልክ የየትኛው ሳጥን ገጽ እንደተከፈተልህ አታውቅም። ላፕቶፑን በገመድ ትንሹ ላይ ብቻ ሰክተህ፣ የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፍተህ፣ 192.168.1.1 ክፈት። መጀመሪያ የላን (የቤት ውስጥ ኔትወርክ) አድራሻውን ወደ 192.168.1.2 ቀይር። ራውተሩ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል፤ በ192.168.1.2 ተመልሰህ ግባና ዲኤችሲፒውን (ለመሣሪያዎች አይፒ የሚያድለውን) አጥፋ። ቅደም ተከተሉን አታገላብጥ። ዲኤችሲፒውን አስቀድመህ ካጠፋህ ላፕቶፑ አድራሻ አጥቶ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ይይዛል፣ ወደ ገጹም መግባት አትችልም። እንዲያ ከሆነብህ ለላፕቶፑ በእጅ 192.168.1.50፣ ማስክ 255.255.255.0 ስጠውና ግባ።

ከዚያ ረጅሙን ገመድ ላን ተብለው ከተጻፉት ፖርቶች አንዱ ላይ መልስ። ቀለሙ የተለየው ዋን ላይ አይደለም፤ እዚያ ከሰካኸው ሰርቪስ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ የራሱ ኔትወርክ ይሆናል፣ ከዋናው ቤትም ሰርቨሩን አታገኘውም። አንዳንድ ራውተር ላይ «አክሰስ ፖይንት ሞድ» የሚል ምርጫ አለ፤ ካለ ይህን ሁሉ በአንዴ ይሠራልሃል፣ በዚያ ሞድ ዋን ፖርቱም እንደ ላን ሊሆን ይችላል።

ፋይበሩ ራውተር ላይ ደግሞ ዲኤችሲፒ የሚያድለውን ክልል እይ። ከ192.168.1.2 ጀምሮ የሚያድል ከሆነ ከ100 እስከ 200 አድርገው፤ አለዚያ አንድ ቀን የሰርቨሩን 10 ወይም የትንሹን 2 ለእንግዳ ስልክ ይሰጥና ሌላ ግጭት ይወልዳል። በመጨረሻ ሰርቨሩን አንዴ ሪስታርት አድርግ፣ አሮጌው መዝገብ ይጸዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዋይፋይ በዘገየ ቁጥር ሪሴት ቀዳዳው ውስጥ እስኪርቢቶ የሚከት ሰው በየቤቱ አለ። ሪሴት ማለት ወደ 192.168.1.1 እና ወደ ዲኤችሲፒ መመለስ ነው፤ ችግሩም እንዳለ ይመለሳል። ሳጥኑ ላይ ፕላስተር ለጥፍበትና «1.2፣ ዲኤችሲፒ የለም» ብለህ ጻፍ።

ሦስት ፌዝ፦

የአድራሻው ጉዳይ አልቋል፤ ስለ መብራቱ ግን አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ነፋስ ተርባይኖቹ ከከተማችን በላይ እየዞሩ ራውተራችን ጠፍቶ መቀመጡ መቼም ይገርማል።

ሰርቨሩን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ላይ አድርጎ ራውተሩን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው። የራውተሩን አዳፕተር ተለጣፊ አንብብ፤ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት፣ 1 ወይም 1.5 አምፔር ነው። 1 አምፔር የሚስብ ከሆነ 12 ዋት ነው፤ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት 7 ሰዓት ያቆየዋል፣ በተግባር ከ4 እስከ 5 ብትጠብቅ ነው የሚሻለው። ራውተሩን ግን በቀጥታ ባትሪው ላይ አታገናኝ፤ ቻርጅ ሲደረግ 13.8 ቮልት ይደርሳል። በመሀል 12 ቮልት ላይ የሚያቆም ሬጉሌተር አስገባ፤ አለዚያ ለራውተር ተብሎ የሚሸጠውን ትንሹን ዩፒኤስ ግዛ፣ የሶኬቱን ውፍረትና መሀሉ ፖዘቲቭ መሆኑን አይተህ።

ሁለተኛው፣ የቆየ ዴስክቶፕ ስለሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032፣ ለካት። አዲስ ስትሆን 3 ቮልት ነች፤ ከ2.7 በታች ከሆነች ቀይራት። እሷ ስትደክም መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩባቸው ሰርቲፊኬቶች «ገና አልጀመረም» ይባላሉ፣ ባክአፑም አፕዴቱም ይቆማል። ኢንተርኔት የጠፋ ይመስላል፣ ፒንግ ግን ይሠራል። ከአሁኑ ችግር የሚለየው በዚህ ነው። አድራሻውን አስተካክለህም ባክአፑ ከቆመ መጀመሪያ ቀኑን እይ።

ሳጥኖቹንም አንዱን በአንዱ ላይ አትደርድር። በሚያዝያና በግንቦት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሰርቪስ ቤት ምድጃ ነው፤ ራውተር ሲግል መስመር ይጥላል፣ የዲስክ ዕድሜም ያጥራል። ማራገቢያ ገዝተህ የምትነፋበት ከሆነ ግን አቧራውን በወር አንዴ አራግፍ።

ዲስክ04፦

በተባለው ቅደም ተከተል ተሠራ። ሦስት ቀን ሙሉ በየደቂቃው የተመዘገበው ማክ 72፡15 ብቻ ነው። በመሀል መብራት ሁለት ጊዜ ሄዷል፤ ያልተመለሰ ፒንግ ያለው ራውተሩ እስኪነሳ ድረስ ብቻ ነው፣ አንዴ 3 አንዴ 4 መስመር። ክቧ ባትሪ 2.5 ቮልት ስላሳየች ተቀይራለች። የቀረው ፍጥነቱ ነው፦ ወደ ሰርቨሩ ፋይል ሲገለበጥ በሰከንድ ከ11 ሜጋባይት አያልፍም።

ገመድ ቆጣሪ፦

11 የ100 ሜጋቢት ፖርት ፊርማ ነው፣ ዲስኩ አይደለም። እዚህ ላይ ጌትዌይ ጠባቂ ልክ ነበር፣ የትንሹ ራውተር ፖርት ነው። ባለ 5 ፖርት ጊጋቢት ስዊች አምጣ፤ የሚዋቀር ነገር የሌለው ተራው ይበቃል። ረጅሙ ገመድ፣ ሰርቨሩ፣ ላፕቶፑና ትንሹ ራውተር ሁሉም ስዊቹ ላይ ይሰኩ። በላፕቶፑና በሰርቨሩ መካከል ወደ 110 ይጠጋል። ስዊቹ ላይ የረጅሙ ገመድ መብራት 100 ካሳየ ያኔ የፋይበሩን ራውተር ፖርት እይ፤ እሱ ጊጋቢት ከሆነ ክሪምፐሩን አንሳ።

ከስዊቹ ወደ ትንሹ ራውተር የሚሄደው ግን አንድ ገመድ ብቻ ይሁን። ሁለት ከሰካህ ሉፕ ይሆናል፤ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ አንድ ላይ ብልጭ ድርግም እያሉ የግቢው ኔትወርክ በሙሉ ይቆማል።