ሞኔንሲን በድለባ መኖ ውስጥ ይግባ ወይስ ይቅር? (ክርክር)

ጥያቄው፦ በሰንዳፋ፣ በሱሉልታና በሰበታ ዙሪያ ለፋሲካ ሰንጋ የሚያደልብ ሰው ሞኔንሲን የተባለ ፀረ-ባክቴሪያ ያለበት ዕድገት አፋጣኝ ፕሪሚክስ (ከመኖ ጋር የሚደባለቅ ዱቄት) መኖ ላይ ቢጨምር ምን ይላሉ?

አድላቢ (ሰንዳፋ)፦ ይግባ። የፋጉሎ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ሞኔንሲን ደግሞ ሆርሞን አይደለም። የጨጓራውን ተህዋስያን ስብጥር ይለውጣል፤ ሚቴን የሚባል ጋዝ ሆኖ በግሳት የሚወጣው ጉልበት ይቀንሳል፣ ለበሬው ጉልበት የሚሆነው ፕሮፒዮኒክ አሲድ ይበዛል። በሬው በአንድ ጊዜ አይወፍርም፤ ግን ያው ኪሎ የሚመጣው ባነሰ መኖ ነው። ከመቶ አምስት ስድስት ቢቆጥብ ለአድላቢ ትንሽ አይደለም።

የመኖ ባለሙያ፦ ጋሼ፣ ጥቅሙን አልክድም። ማን ይመዝነዋል ነው ጥያቄዬ። 10 በመቶው ሞኔንሲን የሆነ ፕሪሚክስ ከሆነ የአንድ በሬ የቀን ድርሻ፣ 200 ሚሊግራም ሞኔንሲን፣ 2 ግራም ዱቄት ብቻ ነው። በሬው በቀን 4 ኪሎ ቅልቅል ከበላ፣ ለ100 ኪሎ የሚገባው 50 ግራም ነው። ይህን በቀጥታ ኩንታል ላይ በትኖ በአካፋ ሁለቴ ማገላበጥ አይሠራም። መጀመሪያ ከ1 ኪሎ ፉርሽካ ጋር ማሸት፣ ያንን ከ10 ኪሎ ጋር፣ ከዚያ ከቀረው ጋር። የመጀመሪያዎቹን 5 ቀናት ግማሹን መስጠት። ይህ ካልተደረገ አንዱ በሬ ምንም ሳያገኝ ሌላው እጥፍ ድርብ ይወስዳል፤ የበዛበት መኖ ይጠላል፣ ያስቀምጠዋል፣ ልቡም ይጎዳል።

የእንስሳት ሐኪም፦ እኔን የሚያሳስበኝ የጋሪው ፈረስ ነው። በኪሎ ክብደት ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም ሞኔንሲን ሊገድለው ይችላል። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ከ5 እስከ 7.5 ግራም ፕሪሚክስ ማለት ነው፤ ጭብጥ አይሞላም። ማላብ ይጀምራል፣ የኋላ እግሩ ይዝላል፣ ማርከሻ የለውም። አህያና በቅሎም እንደዚያው። በእኛ አካባቢ ደግሞ በሬና ፈረስ አንድ ግቢ ያድራሉ፣ የበሬው ገንዳ ትራፊም ለፈረሱ ይደፋል።

አድላቢ፦ ዶክተር፣ እንግዲያው ገንዳ መለየት ነው እንጂ መከልከል ምን አመጣው? አሜሪካ ዛሬም ይጠቀማል።

የእንስሳት ሐኪም፦ የአውሮፓ ኅብረት ግን ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ ለዕድገት ማፋጠኛነት ከልክሎታል። አሜሪካ ያስቀጠለው ለሰው ሕክምና ስለማይውል ነው። ስለዚህ ለሰውም ሕክምና ከሚውለው ፀረ-ባክቴሪያ ከኦክሲቴትራሳይክሊን ጋር አናምታታው። ለማደለብ ተብሎ የሚወጋው እሱ ነው መከልከል ያለበት፤ ቁርጥ በሚበላ አገር ከመታረዱ በፊት መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ የሚጠበቀው ቀን ሳይሞላ በሬ ገበያ መውጣት የለበትም።

የመኖ ባለሙያ፦ ከሁሉ በፊት ግን ጭዱ በቀላሉ እንዲፈጭ በዩሪያ ማከም ነው። ለ100 ኪሎ ጭድ 4 ወይም 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ገደማ ውሃ አሟሙቶ እኩል መርጨት፣ አየር በማያስገባ ላስቲክ ለ21 ቀን መክደን። ከመስጠት በፊት ሽታው እስኪወጣ ማናፈስ። ዩሪያው የቀረበት ባልዲ ለከብት ውሃ መስጫ እንዳይሆን፤ በአሞንያ ወዲያው ይጥለዋል። ጭዱ ሳይስተካከል ፕሪሚክስ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

አድላቢ፦ በጭዱ ተስማምቻለሁ። በፈረሱም። በክልከላው ግን አልስማማም።

የእንስሳት ሐኪም፦ እኔም በጅምላ ይከልከል አላልኩም። ሚዛን የሌለው ሰው አይንካው። ከረጢቱን ቀድዶ በማንኪያ ከሚቸረችር ነጋዴም አትግዙ፤ መጠኑና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈው ከረጢቱ ላይ ነው።