ጥቆማ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ለሻወር ቤት ከሴራሚክ ጀርባ የቱ ቦርድ ይሻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ጠባሴ ያለውን የወላጆቻችንን ቤት እያደስን ነው። ቤቱ የጭቃ ነው፤ ከጓዳው ጎን ያለችውን ክፍል ሻወር ቤት ልናደርጋት አስበናል። አንዱ ባለሙያ «አረንጓዴውን ጂፕሰም ቦርድ ግዙልኝ፣ ሴራሚኩን እሱ ላይ እለጥፋለሁ» ይላል። ሌላው ሲሚንቶ ቦርድ፣ ማለትም በፋይበር የተጠናከረ የሲሚንቶ ሰሌዳ፣ ካልሆነ አልነካውም ብሏል። የዋጋው ልዩነት ቀላል አይደለም። የምታውቁ ጠቁሙን።

መልስ፦ የፊኒሺንግ ሥራ የምሠራው እዚሁ ከተማ ነው። ሁለተኛውን ባለሙያ ያዙት።

አረንጓዴው ጂፕሰም ገበያ ላይ «ውኃ አይነካውም» እየተባለ ይሸጣል። የተሠራው ግን የክፍል እርጥበት እንዲችል እንጂ በየቀኑ ውኃ ለሚወርድበት ግድግዳ አይደለም። ለኮርኒሱና ከሻወሩ ራቅ ላለው ግድግዳ ይበቃል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ከሻጩ ቁራጭ ለምኑና ባልዲ ውኃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ስታወጡት ወረቀቱ ይላጣል፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በአውራ ጣት ስትጫኑት ይፈርሳል። ሲሚንቶ ቦርዱንም አብራችሁ አሳድሩት፤ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ጥፍር ግን አይገባውም።

ውኃ ጠጥቶ ያልኩትን ልብ በሉ። ሲሚንቶ ቦርድ አይበሰብስም እንጂ ውኃ አያግድም። ውኃውን የሚያግደው ከላዩ የሚቀባው ዋተርፕሩፍ ነው፤ ሁለት እጅ፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ጎን፣ ማዕዘኑና ቧንቧው የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ደግሞ በጨርቅ መረብ ተደግፎ። በጀት ከጠበባችሁ ከሴራሚኩ ቀንሱ እንጂ ከዚህ አትቀንሱ። የኛ ከተማ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጣሳው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት ለዚህ ብርድ አይሠራም። ቀትር ላይ አስቀቡ፣ ሁለተኛውን እጅ ለማግሥቱ አቆዩት።

የጭቃ ግድግዳው ላይ ቦርዱን በቀጥታ ማሰር አይሆንም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሚስማርም አይዝም። ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ አድርጋችሁ በቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት በሆነ ብረት) ፍሬም አቁሙ፤ ቋሚዎቹ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢሆኑ ጥሩ ነው። የባሕር ዛፍ ሞራሌ ርካሽ ነው ግን ይጣመማል፣ ሴራሚኩንም ይሰነጥቀዋል። ብሎኑ ዝገት የማይነካው ይሁን፤ ለጂፕሰም የሚሠራበት ጥቁሩ ብሎን ይዝጋል። በቦርድና በቦርድ መሃል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉና ሲሚንቶ በማይበላው የፋይበር ቴፕና በሴራሚክ ማጣበቂያ ዝጉት። ቦርዱ ከወለሉ ጋር አይነካካ፤ ከሥር ውኃ ይስባል።

ኮምፔርሳቶና ቺፑድ ላይ ሴራሚክ እለጥፋለሁ የሚል ካጋጠማችሁ ወሬውን እንኳ አትስሙት።

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ቤታቸው ብሎኬት ለሆነ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ቦርድ አያስፈልጋችሁም። በሲሚንቶ አስለስኑት፣ ከላዩ ዋተርፕሩፍ፣ ከዚያ ሴራሚክ። ሲሚንቶ ደግሞ አሁን እዚሁ ዞናችን ለሚ ላይ ይመረታል። እኛ ቆላ ያለነው የምንቸገረው በተቃራኒው ነው፤ ልስኑ ቶሎ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ለተወሰኑ ቀናት ጠዋት ማታ ውኃ አጠጡት። ጂፕሰም ልስን ላይ ግን እንዳትለጥፉ፤ ለሳሎን ነው እሱ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። አዲስ አበባ ያለች እህቴ ደግሞ የፎም ቦርድ አይታ «ቀላል ነው፣ ብርድም ይከለክላል» አለችን። እሱስ?

መልስ፦ እህታችሁ ልክ ናት። ውስጡ ጥቅጥቅ ያለ ፎም ከሆነና ላዩ በሲሚንቶና በመረብ የተለበጠ ከሆነ ሻወር ቤት ውስጥ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው፤ ውኃ አይጠጣም፣ በቢላ ይቆረጣል፣ አንድ ሰው ተሸክሞት ይወጣል፣ እንደኛ ባለ ብርድ ግድግዳው ላይ እንፋሎት አያልብም። መጋጠሚያውና ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ ብቻ በደንብ ይዘጋ። ችግሩ ውድነቱ ነው፣ እዚህም እንደ ልብ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ማስጫን አለባችሁ። ለእቃ ማሸጊያ የሚሆነውን ነጭ ፎም ቆርጦ የሚሰጣችሁ ካለ ግን እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ተጠንቀቁ።

ሲሚንቶ ቦርድ ከሆነ የምትገዙት፣ አንዱ ቦርድ ብዙ ጊዜ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው፣ 3 ካሬ ሊሞላ ትንሽ ይጎድለዋል። ዋጋ ስትጠይቁ በካሬ አካፍሉት፤ ውፍረቱንም ጠይቁ፣ ለግድግዳ 12 ሚሊ ሜትር ያዙ። ሻወሩ የሚቆምበት ቦታ 1.20 በ90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለሦስቱ ግድግዳ ሦስት ቦርድ ይበቃል። ሌላውን ክፍል በአረንጓዴው ጂፕሰም ጨርሱት፣ ወጪው በዚያ ይካካሳል። ሲጫን ጫፉ እንዳይሰበር መኪናው ላይ አጋድማችሁ አስተኙት። በግራይንደር ሲቆረጥ አቧራው ለሳንባ ክፉ ነው፣ ልጆችና ሽማግሌዎቹ ከግቢ ይውጡ፣ ሠራተኛውም ማስክ ያድርግ።

ከባለሙያው ጋር ስትዋዋሉ ደግሞ ይህን አስገቡ፦ ወለሉ ዋተርፕሩፍ ከተቀባና ከደረቀ በኋላ፣ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት፣ እንደማያፈስ ለማየት ፍሳሽ መውጫውን ደፍኖ ውኃ ሞልቶ አንድ ቀንና ሌሊት ያሳድራል። የመጨረሻውን ክፍያ ከዚያ በፊት አትልቀቁ።