ወረቀቱ የሚነበበው ለማን ነው? ጌም ቤት፣ የዕድሜ ገደብና ሴት ልጆች

የካዛንቺሷ፦

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ይዤ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ሄድኩ። 11 ዓመቷ ነው። ኳስ ነፍሷ ነው። ስልክ ላይ ትጫወታለች እንጂ ጆይስቲክ ይዛ አታውቅም። በሩ ላይ «ከ18 ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ውስጥ አግዳሚው ላይ ከተደረደሩት ልጆች ግን ብዙዎቹ እሷን የሚያክሉ ናቸው። ሁሉም ወንዶች። የሚያጫውተው ልጅ እኛን ሲያይ ተነሳና ወረቀቱን በጣቱ አሳየኝ። «እህቴ፣ ሕግ ነው» አለኝ።

ሕጉ የተነበበው ለእሷ ብቻ ነው። ልጅቷ እዚያ ምንም አላለችም። መንገድ ላይ ግን «እነሱስ ስንት ዓመታቸው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

እኔ ራሴ ያደግኩት ካዛንቺስ፣ ጌም ቤት አጠገብ ነው። ሰፈሩ ዛሬ ፈርሷል። ያኔ ሁለት ቴሌቪዥንና አንድ ረጅም አግዳሚ ያላት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ታላቅ ወንድሜ ይዞኝ ይገባ ነበር። ፔስ የሚባለውን የኳስ ጨዋታ እንገጥማለን፤ ተሸናፊ ይከፍላል። እሱ በሌለበት ቀን ደጃፉን አላልፍም። 13 ዓመት ሲሞላኝ እናቴ «በቃሽ፣ ትልቅ ሴት ሆነሻል» አለችኝ። ቀረሁ። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ድረስ ተጫወተ።

ስለዚህ ለጌም ቤቶች የዕድሜ ገደብ ይውጣ ሲባል ስሰማ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ለጨዋታዎቹ የዕድሜ ደረጃ ይውጣላቸው፣ እስማማለሁ። በሩን በዕድሜ መዝጋትን ግን እቃወማለሁ። ቀድሞ የሚዘጋው ሴት ልጅ ላይ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መምህሩ፦

እህቴ፣ ስለ ልጅቷ ከልቤ አዝኛለሁ። ሐሳብሽን ግን አልቀበለውም። ሰባተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ከእረፍት በኋላ የሚጠፉ ተማሪዎች አሉኝ። የት እንደሚገኙ አውቃለሁ፤ ሄጄም አይቻለሁ። የ12 ዓመት ልጅ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ከፍቶ መንገደኛ እየደበደበ ገንዘቡን ሲለቅም አይቻለሁ። ያ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ የተሰጠው ደረጃ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። በ2005 ደግሞ ውስጡ የተደበቀ የወሲብ ትዕይንት ተገኘና ደረጃው «ለአዋቂዎች ብቻ» ወደሚለው ከፍ ተደረገ። እኛ ጋ ይህን ጨዋታ ለሕፃን በሰዓት ያከራዩታል።

አገራችን ለአልኮልና ለሲጋራ ገደብ አውጥታለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሸጥ ይላል። ለጌም ቤትስ ለምን አይወጣም? እያንዳንዱን ጨዋታ እየዞረ የሚፈትሽ ተቆጣጣሪ ከየት ይመጣል? በርን መቆጣጠር ይቀላል።

የጌም ቤት ባለቤት፦

መምህር፣ ያሉት ልክ ነው፤ የሚጠፉት ልጆች እኛ ጋ ነው የሚመጡት። ዩኒፎርም ካየሁ እመልሳለሁ። ግን ጃኬት ደርቦ ይመጣል። መታወቂያ አይኖረው፣ ምን ብዬ ልያዘው?

አራት ቴሌቪዥን አለኝ። አብዛኛው ደንበኛዬ ኳስ ነው የሚጫወተው። ቀን የሚመጡት ልጆች ናቸው፤ ትልልቆቹ ከሥራ በኋላ ነው የሚገቡት። በሩ በ18 ዓመት ከተዘጋ የቤት ኪራይ አልችልም፤ ይህን ሳልደብቅ ልናገር።

ስለ ደረጃው ደግሞ አንድ ነገር ላንሳ። ያ የዕድሜ ቁጥር የሚታተመው ማሸጊያው ላይ ነው። እኛ ጋ ማሸጊያ መጥቶ አያውቅም። በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ማሽኑ የተገለበጠ ጨዋታ እንዲያነብ ቺፕ ይገባለታል። ጨዋታው ባዶ ዲቪዲ ላይ ይገለበጣል። ላዩ ላይ በማርከር «ፔስ» ወይ «ጂቲኤ» ተብሎ ይጻፋል፣ አለቀ። አሁንም ብዙ ጊዜ ሃርድ ዲስክ ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣልኝ። ጂቲኤ የ17 ዓመት ገደብ እንዳለበት ያወቅኩት አሁን እርስዎ ሲጽፉ ነው። ይህን ያህል ዓመት ስሠራ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

መምህር አሜሪካን ስለጠቀሱ እዚህ ያለውን ልንገራችሁ። የዕድሜ ደረጃው የመንግሥት ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ ሴናተሮች ሞርታል ኮምባትን የመሰሉ ደም የበዛባቸው ጨዋታዎችን አንስተው ኩባንያዎቹን ጠርተው አፋጠጡ። ኩባንያዎቹ ሕግ እንዳይወጣባቸው ሰጉና በ1994 ራሳቸው ደረጃ ሰጪ ድርጅት አቋቋሙ፤ ኢኤስአርቢ ይባላል። ካሊፎርኒያ ጨካኝ ጨዋታ ለልጆች እንዳይሸጥ ሕግ አውጥታ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2011፣ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ሻረው። ጨዋታም እንደ መጽሐፍ በሐሳብ ነፃነት የተጠበቀ ነው አለ። መደብሮቹ መታወቂያ የሚጠይቁት በራሳቸው ፈቃድ ነው። ቀሪው የወላጅ ሥራ ነው።

እኔም ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ፎርትናይት የሚባለውን የኢንተርኔት የተኩስ ጨዋታ ስትጠይቀኝ ደረጃውን አየሁ፤ ከ13 ዓመት ጀምሮ ይላል። ፈቀድኩ። አንድ ማታ ክፍሏ አጠገብ ሳልፍ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ማይኳን ከፍታ ነበር። ሴት መሆኗን በድምፅዋ አውቀው የሚሏትን እዚህ አልደግመውም። ሦስት አራት ጎረምሶች ናቸው። እሷ ዝም ብላ ትጫወታለች። ገብቼ ሳናግራት «አባዬ፣ ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚሉት» አለችኝ። አሁን ማይክ ዘግታ፣ ስሟን የወንድ አድርጋ ነው የምትጫወተው። እዚያ ደረጃ ላይ በትንሽ ጽሑፍ «በኢንተርኔት የሚደረጉ ግንኙነቶች በደረጃው አልተመዘኑም» የሚል ማሳሰቢያ አለ። ያንን ያነበብኩት ከዚያች ማታ በኋላ ነው።

የካዛንቺሷ፦

ወንድሜ፣ ይህን ስላካፈልከን እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ለመግለጽ ቃል ያጣሁለትን ነገር ነው የነገርከን።

ደረጃው የሚመዝነው ስክሪኑን ነው። ደም አለ? ስድብ አለ? ቁማር አለ? አግዳሚውን ግን አይመዝንም። እኔን ያኔ ያስፈራኝ ጥይት አልነበረም። ጎል ሳገባ ከኋላዬ የሚወረወረው ቃል ነበር። ወንድ ሲያሸንፍ «በለው!» ይባላል። እኔ ሳሸንፍ ተሸናፊው ይሰደባል፤ «በሴት ተበላህ!» ይሉታል። ያሸነፍኩት እኔ፣ ወሬው ግን ስለ እሱ ውርደት ነው። አንዱ አንዴ ሒሳቡን ሳይከፍል ጆይስቲኩን ወርውሮ ወጣ። ጨዋታው ግን ኳስ ነው። በአውሮፓው ደረጃ ለ3 ዓመት ሕፃን የተፈቀደ።

የፍራንክፈርቱ፦

ኳሱን ካነሳሽ አይቀር ልጨምር። እዚህ ጀርመን ደረጃው ሕግ ነው። 0፣ 6፣ 12፣ 16፣ 18 ተብሎ ማሸጊያው ላይ በቀለም ይታተማል፤ ሻጭ ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ ከሸጠ ይቀጣል። እና የኳስ ጨዋታው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ሌላው አውሮፓ 3 ዓመት ሲሰጠው እዚህ 12 ነው የተሰጠው። ኳሱ አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው በገንዘብ የሚገዛው የተጫዋች ፓኬት ላይ ነው። ምን እንደሚወጣልህ ሳታውቅ ትከፍላለህ። ጀርመኖቹ ይህ ልጅን ወደ ቁማር ይገፋል ብለው ቁጥሩን ከፍ አደረጉ። ቤልጂየም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ፓኬት እንደ ቁማር ቆጥራ አግዳለች።

በር ስለ መዝጋት ለመምህር፦ እዚህም የሚዘጋ በር አለ። የቁማር ማሽን ያለበት አዳራሽ ከ18 ዓመት በታች አይገባም። ያ በር የተዘጋው ግን በቁማሩ ምክንያት ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦

እኔ ግልጹን ልናገር። ሁለት ወንድ፣ አንዲት ሴት አለኝ። ወንዶቹ ጌም ቤት ሲሄዱ እቆጣለሁ፣ ይመለሳሉ፣ ነገ ይሄዳሉ። ሴቷን ግን አልፈቅድላትም። የ30 ዓመት ሴት ብትሆንም ደስ አይለኝም። ምክንያቱም መጋረጃው ነው። ከውጭ ሲታይ ጨለማ ነው፤ ውስጥ ማን እንዳለ አይታወቅም። ሲጋራ ይሸታል፣ የሚያድርም አለ ይባላል። የካዛንቺሷ እናት «በቃሽ» ያሉት ልጃቸውን ጠልተው አይደለም። እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር።

እና ተሸናፊ ይከፍላል የሚባለው ነገር ቁማር አይደለም እንዴ? የፍራንክፈርቱ ልጅ ቁማር ሲል ወዲያው እሱ ነው የመጣልኝ። ትልቁ ልጄ የትራንስፖርቱን ብር እየተበላ በእግሩ የመጣበት ቀን አለ።

17 ዓመቴ ነው፦

እትዬ፣ እኔም በእግሬ የመጣሁበት ቀን አለ፤ አልዋሽም። ግን በሩ ቢዘጋ የት እንሂድ? የሰፈራችን ሜዳ ሕንፃ ተሠርቶበታል። ጌም ቤቱ አጠገብ ከረምቡላ ቤት አለ፤ እዚያ ማንም ዕድሜ አይጠይቅም። ጓደኞቼን ያገኘኋቸው ጌም ቤት ነው። አባቴ የሞተ ሰሞን ቤት መቀመጥ አቅቶኝ እዚያ እውል ነበር። የሚያጫውተው ልጅ ሳያስከፍለኝ ያጫውተኝ ነበር።

ስለ ሴቶች የተባለው እውነት ነው። እኛ ጋ አንድ ልጅ የሴቶች ቡድን መርጦ ሊጫወት ሲል ሁሉም ሳቀበት። እኔም ስቄያለሁ። አሁን ሳነበው አፈርኩ።

የካዛንቺሷ፦

ነፍስ ይማር ወንድሜ። እንኳን ያ ልጅ አጠገብህ ነበረ።

የሴቶች ቡድን ያልከው እኔንም አንድ ነገር አስታወሰኝ። ፊፋ የሚባለው የኳስ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2015፣ ፊፋ 16 ላይ ነው። 12 ቡድኖች ነበሩ። የእኛ ሉሲዎች አልነበሩበትም። እኔ ያኔ ሥራ ይዣለሁ፤ መጫወት ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል። ጓደኛዬ ቤት ተከፍቶ ሳየው ጆይስቲኩን ለመንኳት። ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራ የምትሮጥ ተጫዋች በእጄ ስትንቀሳቀስ እንባዬ መጣ። ልጅ እያለሁ የማንቀሳቅሰው ሁሉ ወንድ እንደነበር እስከዚያች ማታ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

እትዬ፣ ስለ መጋረጃው እውነትዎን ነው። እናቴም ስለ ክፍሉ ተሳስታ አልነበረም። ግን ክፍሉ መጥፎ ሆኖ ሳለ የወጣሁት እኔ ነኝ። ክፍሉ እንዳለ ቀጠለ፣ ወንድሜም እዚያው አደገ። ሕግ ይውጣ ከተባለ መጀመሪያ መጋረጃው ይነሳ። ሲጋራ ይከልከል። በትምህርት ሰዓት ተማሪ አይግባ። ጂቲኤና መሰሎቹ ለትልልቆቹ፣ በማታ ይሁኑ። ተሸናፊ ይከፍላል የሚለው ይቅርና ሁለቱም እኩል ይክፈሉ። ይህን ሁሉ ለማድረግ የ11 ዓመቷን ልጅ ከበር መመለስ አያስፈልግም።

መምህሩ፦

ያልሽው ያምራል፤ ማን ያስፈጽመዋል ነው ጥያቄዬ። የአልኮሉም አዋጅ ያምራል፤ ግሮሰሪ ገብቶ ዕድሜ ሲጠየቅ ያየሁት ልጅ ግን የለም። አምስት ደንብ ከምታወጪ አንድ ደንብ አውጥተሽ ብታስከብሪ ይሻላል። የኔ ተማሪዎች በዚህ ዓመት ነው የሚጠፉት፤ ያንቺ ማሻሻያ እስኪደርስ ስምንተኛ ክፍል ፈተና ያልፋቸዋል። የ17 ዓመቱ ልጄ ያልከው ልቤን ነክቶታል፤ አሁንም ግን አቋሜን አልቀየርኩም።

የካዛንቺሷ፦

መምህር፣ አንዱ ደንብ እኮ አለ፤ ቅዳሜ በር ላይ ተለጥፎ አይቼዋለሁ። የተከበረው በአንዲት ልጅ ላይ ነው።

የጌም ቤት ባለቤት፦

ሳነብ አመሸሁ። ባለቤቴንም አስነበብኳት። መጋረጃውን የሰቀልኩት ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ስለሚያርፍ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ቴሌቪዥኖቹን ወደ ጎን ግድግዳ ካዞርኳቸው መጋረጃ አያስፈልግም። ይህን አደርጋለሁ። ጂቲኤውን ከቀን አነሳለሁ፤ ማታ ግን አላነሳም፣ የሚጠይቁኝ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ተሸናፊ ይከፍላል የሚለውን ማስቀረት ይከብደኛል፤ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የሚስማሙት።

ባለቤቴ ቅዳሜ ጠዋት እሷ ልቀመጥ አለች። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት። ሴት ልጆች ከመጡ ሁለቱን ቴሌቪዥን ለነሱ እንይዛለን።

የሦስት ልጆች እናት፦

ባለቤትህ ሙሉውን ሰዓት ትቀመጣለች ወይስ ገባ ወጣ ነው?

የጌም ቤት ባለቤት፦

ሙሉውን ነው እትዬ። ቡናዋን እዚያው ታፈላለች።

መምህሩ፦

እኔ ሰኞ ከእረፍት በኋላ መጥቼ አያለሁ።