በኤስቶንኛ ላላ፣ ጠበቅ፣ በጣም ጠበቅ፦ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እንዴት ልለይ?

ጀማሪ_ተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ኤስቶንኛ ላይ ሦስት የርዝመት ደረጃ አለ የሚባለው ግራ አጋብቶኛል። «ሊና» በአንድ ኤን ሲጻፍ ተልባ ነው። በሁለት ኤን ሲጻፍ ደግሞ አንዴ «የከተማ»፣ አንዴ «ወደ ከተማ» ይሆናል። አጻጻፉ አንድ፣ ንባቡ ሁለት! ላላውን ከጠበቀው እለያለሁ፤ ሁለቱ የጠበቁት ግን ስሰማቸውም ስናገራቸውም አንድ ናቸው። ሌላው፦ «ካፒ» (የቁም ሳጥን) በአንድ ፒ ተጽፎ ሳለ መምህሯ አጥብቃ ታነበዋለች። ለምን?

ፊደል_ቆጣሪ
በእኛ ፊደል መጥበቅ ስለማይታይ እዚህ እንዲህ እንጻፈው፦ ሊና (1ኛ)፣ ሊንና (2ኛ)፣ ሊንንና (3ኛ)። መሐል ያለውን «ን» ግን እንደ ሳድስ ድምፅ እየሰጠህ «ሊ-ን-ና» ብለህ እንዳትከፍለው። ምላስህ አንዴ ላንቃህን ከነካ በኋላ እስኪለቅ ድረስ እዚያው ይቆያል።

ከሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር፤ መልሱ አጭር ነው። ቢ፣ ዲ፣ ጂ የሚባሉት የላቲን ፊደላት በኤስቶንኛ ቃል መሐል የእኛ ብ፣ ድ፣ ግ አይደሉም። የላሉ ፕ፣ ት፣ ክ ናቸው። ስለዚህ ከአጭር አናባቢ በኋላ፦

በቢ ከተጻፈ 1ኛ ደረጃ ነው፦ ካቢ፣ «ኮቴ» (የእንስሳ ሰኮና)
በአንድ ፒ ከተጻፈ 2ኛ ነው፦ ካፕፒ፣ «የቁም ሳጥን»
በሁለት ፒ ከተጻፈ 3ኛ ነው፦ ካፕፕፒ፣ «ወደ ቁም ሳጥን»

«እማራለሁ» የሚለውም በአንድ ፒ ነው የሚጻፈው፤ ንባቡ ግን ኧፕፒን ነው። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። አንደኛ፣ አንድ ፊደል ስላየ ያላላዋል። ሁለተኛ፣ «ካቢ» ሲል እንደ «አበባ» ያደርገዋል። «አበባ» በል እስቲ፦ መሐል ላይ ከንፈር በደንብ ሳይገጥም አየር ይሾልካል። በኤስቶንኛ ግን ከንፈር ገጥሞ፣ የጉሮሮ ንዝረት ሳይታከልበት ቶሎ ይለቃል። ፕ ስትልም ትንፋሽ አታስከትል፤ ወደ ጵም አትሂድ።

ሰዋስው_ወዳጅ
ፊደል_ቆጣሪ ያለው ለፕ፣ ት፣ ክ ፍጹም ይሠራል፤ እነሱ ላይ አጻጻፉ ራሱ ይነግርሃል። ለን፣ ል፣ ም፣ ር፣ ስ ግን 2ኛውና 3ኛው በአንድ ዓይነት ነው የሚጻፉት። እዚያ የሚያድንህ ሰዋስው ነው።

መጀመሪያ፦ ለብቻው የቆመ ባለ አንድ ቀለም (ባለ አንድ ክፍለ ቃል) ስም ሁልጊዜ 3ኛ ነው፤ ሊንን (ከተማ)፣ ካፕፕ (ቁም ሳጥን)፣ ኮኦኦል (ትምህርት ቤት)። አናባቢም እንደ ተነባቢው ሦስት ደረጃ ስላለው ነው «ኦ»ዋን የደጋገምኳት። የእነዚህ ዓይነት ስሞች አገናዛቢ («የ...») ወደ 2ኛ ይወርዳል፤ ከፊል ተሳቢውና (ያላለቀ ድርጊት የሚያርፍበትን ስም የሚያሳየው ቅርጽ) «ወደ ውስጥ» የሚለው አጭር ቅርጽ 3ኛ ሆነው ይቀራሉ። ምክንያቱ ያረጀ ነው፦ አገናዛቢው ድሮ መጨረሻው ላይ «ን» ነበረችው፤ ቀለሙን ዘግታ ከፊቷ ያለውን አላላችው። እሷ ወደቀች፣ ያላላችው ቀረ።

ልዩነቱ ትርጉም ሲለውጥ ይኸውልህ። «ማ ኤሂታን ኮኦሊ» በ2ኛ ደረጃ ካልክ ትምህርት ቤቱን ሠርተህ ልትጨርስ ነው። ያንኑ በ3ኛ፣ «ኮኦኦሊ» ካልክ ገና እየሠራህ ነው። በጽሑፍ ሁለቱ አይለዩም።

አዲስ ቃል ስትይዝ የኤስቶኒያ ቋንቋ ኢንስቲትዩት መዝገበ ቃላት ላይ የርባታ ሰንጠረዡን ክፈት። ቃሉ ላይ ትንሽ ዘንበል ያለች ጭረት ካለች 3ኛ ነው። ጭረቷን ከቃሉ ጋር በደብተርህ ጻፋት።

ጀማሪ_ተማሪ
አመሰግናለሁ፣ የፒ ነገር ገባኝ። አሁን «ሊንንና» ላይ «ን»ን ሁለት እጥፍ ያህል ይዤ ቀረጽኩ፤ የሰማችው ልጅ ግን አሁንም «የከተማ» ነው ያልከው አለችኝ።

ድምፅ_ለኪ
«ን» ላይ ብቻ ስለሠራህ ነው። የኤስቶንኛ ርዝመት የአንድ ድምፅ ጉዳይ አይደለም፤ የሁለት ቀለማት ሚዛን ነው። የቋንቋ ተመራማሪዋ ኢልሴ ሌሂስቴ በ1960 ያሳየችው ይህንን ነው፦ የመጀመሪያው ቀለም ከሁለተኛው ጋር ሲነጻጸር በ1ኛ ደረጃ 2 ለ 3፣ በ2ኛ 3 ለ 2፣ በ3ኛ 2 ለ 1 ገደማ ነው። አንተ «ን»ን አስረዝመህ መጨረሻውን «ና»ም ካስረዘምክ ሚዛኑ ያው 2ኛ ላይ ይቆያል። የመጨረሻዋን «ኣ» ቁረጣት። በተቃራኒው ሊና (ተልባ) ስትል የመጨረሻዋ አናባቢ ከፊተኛዋ ትረዝማለች፤ እዚያ አትቸኩል።

ሁለተኛው ምልክት የድምፅ ቅላጼ ነው። በ1ኛና በ2ኛ ደረጃ ድምፅህ የመጀመሪያውን ቀለም ከፍ ብሎ ይጨርስና ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ይወርዳል። በ3ኛው ውርደቱ የሚጀምረው ገና በመጀመሪያው ቀለም ውስጥ ነው፤ «ሊንን» ብለህ ሳትጨርስ ወርደሃል፣ «ና» ታች ነው የምትገኘው። ብዙ ኤስቶንያውያን ጆሯቸው የሚይዘው ይህንንም ጭምር ነው።

ለመለካት ፕራት የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ተጠቀም። በ«ሊንና» አትጀምር፤ «ን» የሁለቱም ቀለማት ስለሆነች ድንበሯን መቁረጥ ያስቸግራል። በኮሊ (ኮተት)፣ ኮኦሊ፣ ኮኦኦሊ ጀምር። እያንዳንዱን አምስት ጊዜ ቅረጽ፣ የፊተኛዋን አናባቢ ምረጥና ርዝመቷን ጻፍ፣ የመጨረሻዋንም እንዲሁ፣ ከዚያ አካፍል። 0.7፣ 1.5፣ 2 አካባቢ ከመጣልህ ልክ ነህ። ሦስተኛው 1.5 ላይ ከቀረ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመጨረሻዋ «ኢ» ላይ ነው። የካቢ፣ ካፕፒ፣ ካፕፕፒ ደግሞ ከዚህም ይቀላል፤ ፕሮግራሙ በሚያሳየው የድምፅ ሥዕል ላይ ከንፈር የተዘጋበት ጸጥታ ባዶ ሆኖ ይታያል።

ቃሉን ለብቻው አትጥራ፤ ብቻውን የቆመ ቃል መጨረሻው ይጎተታልና ልኬቱን ያበላሽብሃል። ዓረፍተ ነገር መሐል ክተተው።

ፊደል_ቆጣሪ
አንድ ነገር ልጨምር፦ ለመነሻ «ገና»ን ያዝ። «ገና አልመጣም» ላይ ያለችው ላላ «ና» ለ1ኛ፣ የበዓሉ «ገና» ጥብቀት ለ2ኛ ይበቃሃል። አማርኛ ላይ የሌለው 3ኛው ብቻ ነውና ልምምድህን እዚያ አውለው።

ሰዋስው_ወዳጅ
እኔ ግን ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። 2ኛና 3ኛ ቢምታቱብህ «ላሄን ሊንና» ብትልም ወደ ከተማ እየሄድክ እንደሆነ ይገባቸዋል፤ ግሡ ይነግራቸዋል። 1ኛውን ከ2ኛው ካምታታህ ግን ኮቴና ቁም ሳጥን ነው። ኧፕፒን ዓይነቶቹን፣ በአንድ ፊደል ተጽፈው የሚጠብቁትን፣ መጀመሪያ አጥራ።

ጀማሪ_ተማሪ
ኮሊን ለካሁ፦ 0.8፣ 1.4፣ 1.5። «ኢ»ዋ ናት ማለት ነው።

ድምፅ_ለኪ
አዎ። ፊተኛዋን አትንካት፣ «ኢ»ን በሩብ ያህል አሳጥረህ እንደገና ቅረጽ።